መልከ ጥፉን በስም እንኳ አልደገፉትም

የፈረንሳዊውን ደራሲ የቪክቶር ሁጎን ልብ ወለድ «ኖትር ዳም ደ ፓሪ» ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ትቼዋለሁ። በሦስተኛው ጨረስኩት። ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም። ሰውዬው ታሪኩን ጥሎ ስለ ፓሪስ ጣሪያና ስለ ኖትር ዳም ካቴድራል ድንጋይ ማውራት ከጀመረ የሚያቆመው የለም። ሦስተኛውን ክፍል ዝለሉት፤ ማንም አይጠይቃችሁም።

መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1831 ነው። ታሪኩ ግን የ1482 ነው። የካቴድራሉ ደወል ደዋይ ካዚሞዶ ጎባጣ ነው፣ አንካሳ ነው፣ ቀኝ ዓይኑን ኪንታሮት ሸፍኖታል፣ ጆሮውን ደግሞ የሚደውለው ደወል አደንቁሮታል። በዳግም ትንሣኤ እሁድ ተጥሎ ስለተገኘ በላቲን የዕለቱን መጠሪያ ሰጡት። ቃሉ «ልክ እንደ» ዓይነት ትርጉም አለው። ሰው ሳይሆን ሰው መሳይ እንደማለት። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባላል፤ እሱ ይኼም ቀርቶበታል።

ሰው ሁሉ የሚያነሳው ውሃውን ነው። ካዚሞዶ ተገርፎ አደባባይ ላይ ታስሯል። «ውሃ!» ይላል። ሕዝቡ ይስቃል። ትናንት ማታ ጨፋሪዋን ወጣት ኤስሜራልዳን ሊጠልፋት ሞክሮ ነበር፤ እሷው ወጥታ ታጠጣዋለች። እንባው ዱብ ይላል። እኔንም አንጀቴን በልቶኛል።

ለኔ ግን የሚበልጠው የሁለቱ የአበባ ማስቀመጫዎች ነገር ነው። ካዚሞዶ ከስቅላት አድኗት ኤስሜራልዳ ካቴድራሉ ውስጥ ተጠልላለች። አንድ ጠዋት መስኮቷ ላይ ሁለት ዕቃ ታያለች። አንዱ የሚያብረቀርቅ ክሪስታል ነው፣ ግን ተሰንጥቋል፤ ውሃው ፈስሶ አበባው ጠውልጓል። ሌላው ተራ ሸክላ ነው፤ ውሃውን ይዟል፣ አበባውም ትኩስ ነው። የጠወለገውን አንስታ ቀኑን ሙሉ ደረቷ ላይ ይዛው ዋለች። ሁጎ ሆን ብላ ይሁን አይሁን አላውቅም ብሎ ያልፋል። ያን ቀን ከማማው የካዚሞዶ ዘፈን አልተሰማም።

ፊቴ ላይ ከልጅነቴ የቀረ የእሳት ጠባሳ አለ። ለዚህ ይሆናል እዚህ ገጽ ላይ ብዙ የቆየሁት። እያወሩኝ ዓይናቸውን ትከሻዬ ላይ የሚተክሉ ደግ ሰዎች አውቃለሁ። ደግ ናቸው፣ አልዋሽም። ኤስሜራልዳም እንደነሱ ናት። ታዝንለታለች፣ ፊቱን ማየት ግን ያቅታታል። ልቧ ያለው መልከ መልካሙ ሻምበል ፌቢስ ጋ ነው። እሱ ደግሞ ስሟን እንኳ በቅጡ አይዝም! ሁጎ እኛን ለማስደሰት ብሎ ልቧን አላስቀየራትም። ይኼን ወድጄለታለሁ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ደጓን ሴት እንደዛ ቆንጆ ማድረግ ለምን አስፈለገው? ውሃውን ያቀበለችው መልከ ጥፉ አሮጊት ብትሆን ስንቶቻችን እናለቅስ ነበር?

መጨረሻውን አልነግራችሁም። የልጆች ካርቱኑን አይታችሁ የምታውቁት ከመሰላችሁ፣ አታውቁትም። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የፓሪስ ጣሪያ በላት።