ፕሪየስ ለሥራ፦ ከወራት በኋላ የታዘብኩት

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሰው የማመላለስ ሥራ ልጀምር ስትሉ ከሐበሻ ሾፌሮች የምትሰሙት ምክር አንድ ነው፤ "ፕሪየስ ግዛ።" እኔም ያገለገለች የ2013 ቶዮታ ፕሪየስ፣ ማለትም በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የምትሠራ ሃይብሪድ መኪና፣ ገዝቼ ወራት ሠራሁባት። ነዳጅ ትቆጥባለች፣ እውነት ነው። የት እንደምትቆጥብ ግን ማንም አይነግራችሁም።

በባትሪ ብቻ ረጅም መንገድ የምትሄድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አትሄድም። ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ያለው ባትሪ የሚይዘው 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ቀስ ብላችሁ ብትነዱ እንኳ ከአንድ ማይል ብዙም አያሻግራችሁም። እንደ ሱቅ የገንዘብ መሳቢያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲገባበትና ሲወጣበት ይውላል። ኮምፒውተሩ ጢም ብሎ እንዲሞላም ሆነ ሙልጭ ብሎ እንዲያልቅ አይፈቅድም። ከ40 እስከ 80 በመቶ ባለው መሀል ያቆየዋል፤ ዕድሜው የሚረዝመውም ለዚህ ነው።

ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ከሲልቨር ስፕሪንግ በጆርጂያ አቬኑ ወደ መሀል ከተማ ስትወርዱ ጥቅሟ ይታያችኋል። መብራቱ ሲቀላ ፍሬኑን ከሩቅ ለስለስ አድርጌ እይዛለሁ። ስክሪኑ ላይ ቀስቱ ከጎማ ወደ ባትሪ ይዞራል። ኤሌክትሪክ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ የመኪናዋን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ድንገት ከረገጣችሁ ግን ብዙውን ኃይል የፍሬን ሸራው ይበላዋል፤ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አረንጓዴ ሲበራ በኤሌክትሪክ ትነሳለች፣ የቤንዚኑ ሞተር ቆየት ብሎ ይገባል። ሲገባ ብዙም አይታወቃችሁም። ሞተሪኖም (ማስነሻ) ዲናሞም (ቻርጅ ማድረጊያ) የላትም፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ከሁለቱ ኤሌክትሪክ ሞተሮች አንዱ ነው። ቆማችሁ ስትጠብቁ ማርሿን ኤን (ፍሪ) ላይ አታድርጓት፣ ባትሪው አይሞላም።

ኤሲውም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። በሐምሌ ወበቅ ኤርፖርት ወረፋ ይዤ ስቀመጥ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ሞተሩ ዝም ብሏል። ባትሪው ዝቅ ሲል ተነስቶ ጥቂት ይሞላና መልሶ ይጠፋል። ለኛ ሥራ ይቺ ብቻ ትበቃለች።

ሀይዌይ ላይ ወሬው ሌላ ነው። ፍሬን ካልያዛችሁ የሚመለሰው ኃይል ትንሽ ነው። መንግሥት ያወጣው ልክ እንኳ ከተማ ውስጥ 51፣ ሀይዌይ ላይ 48 ማይል በጋሎን ይላል። ተራ የቤንዚን መኪና ላይ የተገላቢጦሽ ነው። ወደ 495 (ከተማዋን የሚዞረው ሀይዌይ) ለመግባት ነዳጁን እስከ መጨረሻ ስትረግጡ ደግሞ ጩኸቷ ከፍጥነቷ ይቀድማል፤ ማርሽ ስለማትቀያይር ሞተሩ አንድ ድምፅ ላይ ተቸክሎ ያለቅሳል። ኤሌክትሪክ ሞተሩ 80 የፈረስ ጉልበት አለው ይባላል፤ ባትሪው የሚያቀርበው ግን 36 ገደማ ብቻ ነው። ከቤንዚኑ ሞተር 98 ጋር ሲደመር 134። አራት ሰው ጭናችሁ ዳገት ስትወጡ ይታወቃችኋል።

ክረምት ላይም ቁጠባው ይቀንሳል። ማሞቂያው በዋናነት ሙቀት የሚያገኘው ከሞተሩ ውሃ ስለሆነ፣ ብርድ ሲጠና ቆማችሁም ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ይነሳል። አጫጭር ጉዞ ላይ በተለይ።

ያገለገለች የምትገዙ ከሆነ ከሁሉ በፊት የኋላ መቀመጫው ጎን ያለችውን የአየር መሳቢያ እዩ። ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከመኪናው ውስጥ በምትስበው አየር ነው። ተሳፋሪ ካፖርቱንም ሻንጣውንም እላይዋ ላይ ይከምርባታል። ውስጥ ያለው ፋን ላይ አቧራና የውሻ ፀጉር ተጋግሮ ካያችሁ ባትሪው በሙቀት ሲሰቃይ ከርሟል ማለት ነው፤ ዋጋ ቀንሱ ወይ ተዉት። ባትሪው 28 ሞጁሎች (ትንንሽ ባትሪዎች) በተከታታይ የተያያዙበት ነው፣ አንዱ ሲደክም ሌሎቹንም ይጎትታል። "አንዷን ብቻ ቀይሬ እሰጥሃለሁ" የሚል መካኒክ አይጠፋም። እኔ አልመክርም፤ ከደከሙት ጋር ስለማትመጣጠን ብዙም ሳይቆይ ሌላዋ ትሄዳለች።

መንገድ ዳር የምታሳድሩ ደግሞ ከሥር መከላከያ ብረት አስገጥሙ። ካታሊቲክ ኮንቨርተሯ (የጭስ ማጣሪያዋ) ውስጥ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ፤ ሌቦች ቆርጠው ለመውሰድ ደቂቃዎች ይበቋቸዋል። ጠዋት ስታስነሷት እንደ ትራክተር ካጓራች በቃ፣ ወስደውታል።