የካሊፎርኒያን ሕግ ታሪክ ለማጥናት፦ ድረ ገጹ ወይስ ቤተ መዛግብቱ?

አንድ የካሊፎርኒያ ሕግ ሲወጣ ምን ታስቦ እንደነበር ለማጣራት ፈጣኑ መንገድ የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ነው። ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቀረቡ ረቂቆች፣ ማሻሻያዎችና የኮሚቴ ትንታኔዎች በነፃ ይገኛሉ። ፍርድ ቤቶችም ለትንታኔዎቹ ክብደት ይሰጣሉ፤ አባላቱ ድምፅ ሲሰጡ ፊታቸው የነበረ ጽሑፍ ነውና። እኔ የምጀምረው ግን ከማሻሻያዎቹ ነው፤ ተጽፎ የተሰረዘ ሐረግ ብዙ ይናገራል።

ለቀደሙት ሕጎች ሳክራሜንቶ የሚገኘው የግዛቱ ቤተ መዛግብት የግድ ነው። በገዥው ፋይል (ረቂቁ ለፊርማ ሲቀርብለት በተያዘው መዝገብ) ውስጥ የደጋፊና የተቃዋሚ ደብዳቤዎች አሉ፤ ማን ምን ፈልጎ እንደነበር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለታሪክ ፈላጊ ከዚህ የሚጥም የለም። ለሙግት ግን ጥንቃቄ ያሻል፦ አንድ እንደራሴ ለገዥው የጻፈው ደብዳቤ የምክር ቤቱን ሳይሆን የግሉን ሐሳብ ስለሚያሳይ ዳኞች አብዛኛውን ጊዜ አይቀበሉትም።