በአያት አካባቢ የሚሰጥ የክብደት ምክር አገልግሎት፦ የአምስት ወር ተገልጋይ አስተያየት

ከአያት አደባባይ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ምድር ቤቱ በብረታ ብረት ሱቆች በተያዘ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የሥነ ምግብና የክብደት ምክር የሚሰጥ አንድ ክሊኒክ አለ። አምስት ወር ሙሉ ተመላልሼበታለሁ። ስሙን የማልጠቅሰው ከማመሰግንበት ነገር ያላነሰ የምወቅስበት ስላለኝ ነው።

ወደዚያ የወሰደኝ የደም ግፊቴ ነው። ዕድሜዬ 40 ነው፤ መገናኛ አካባቢ በሒሳብ ሠራተኝነት እሠራለሁ፤ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ግፊቴን የለካኝ ሐኪም መድኃኒት ጻፈልኝና «ክብደትህን ቀንስ» አለኝ፤ እንዴት እንደምቀንስ ብጠይቀው «ምግብ ቀንስ፣ ስፖርት ሥራ» ብሎ ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። በዚያው ሰሞን መገናኛ ላይ ሚዛን ዘርግቶ መንገደኛ የሚመዝን ልጅ 88 ኪሎ እንደሆንኩ ነግሮኝ ነበር፤ የክሊኒኩ ሚዛን ግን 91 አለ። ልጁ ደንበኛውን ላለማስከፋት ትንሽ ሳይቀንስልኝ አልቀረም።

የመጀመሪያው ቀን ምክክር 700 ብር፣ ተከታዮቹ 400 ብር ያስከፍላሉ። ዋጋው ለሰፈሩ ነዋሪ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም የመጀመሪያው ቀን ምክክር አንድ ሰዓት ያህል የሚወስድ በመሆኑ ገንዘቤ በከንቱ ሄደ የሚል ስሜት አላደረብኝም። ቁመቴ 1 ሜትር ከ68 ነው። ክብደቴ ለቁመቴ ካሬ ሲካፈል 32 መጣ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ይህ ቁጥር ከ25 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ውፍረት ነው ይላል። የወገቤ ዙሪያ 108 ሴንቲ ሜትር ነበር። ባለሙያዋ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ነች። ምን እንደምበላ ትጠይቀኛለች ብዬ ስዘጋጅ፣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አያትዎ ሞላ ያሉ ነበሩ?» ብላ ነው። አያት ሰፈር ተቀምጬ ስለ አያቴ መጠየቄ ሳቄን አመጣው፤ እሷም ይህን ቀልድ ከእኔ በፊት ብዙ ሰው እንደቀለደባት ከፊቷ ያስታውቅ ነበር።

አያቴ መንዝ ውስጥ ገብሱን በድንጋይ ወፍጮ የሚፈጩ፣ ውኃውን በእንስራ ከምንጭ የሚያመጡ፣ ኩበቱን ለቅመው የሚያነዱ ሴት ነበሩ፤ መቀነታቸው ወገባቸውን ስንት ጊዜ እንደሚዞረው እኛ የልጅ ልጆቻቸው እየቆጠርን እንጫወት ነበር። እናቴ አዲስ አበባ ገብታ ኑሮዋ ረጋ ካለ በኋላ፣ ከ50 ዓመቷ ወዲህ ወፈረች። እኔ ገና በ30ዎቹ ዕድሜዬ ቦርጭ አወጣሁ። የ11 ዓመቱ ልጄ አሁን የእኔን ሸሚዝ ይለብሳል። ባለሙያዋ እነዚህን አራት ሰዎች በወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች ጻፈቻቸውና ምክንያቱ ምን ይመስልዎታል አለችኝ።

የመጀመሪያው መልሴ «በዘር ነው» የሚል ነበር። የዘር ድርሻ እንዳለው አልካደችም፤ አንድ ዓይነት ምግብ ከሚበሉ ሁለት ወንድማማቾች አንደኛው ወፍሮ ሌላው ሳይወፍር የሚቀረው በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን የአንድ ሕዝብ ዘር በሁለትና በሦስት ትውልድ አይለወጥም። አሜሪካ ውስጥ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ውፍረት የነበረባቸው አዋቂዎች ከመቶ 13 ያህል ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በተደረገው ልኬት ከመቶ 42 ደርሰዋል። በእኛም አገር ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 የነበሩት በ2016 ከመቶ 8 ሆነዋል። በዚሁ ጊዜ ከሲታ የሆኑት ከ30 ወደ 22 ቢወርዱም አልጠፉም፤ ስለዚህ ሁለቱ ችግሮች በአንድ አገር፣ እኔ እንደማየው ከሆነም በአንድ ብሎክ ውስጥ፣ አብረው ይኖራሉ።

ሁለተኛው መልሴ «እነሱ ይሠሩ ነበር፣ እኛ እንቀመጣለን» የሚል ሲሆን፣ ይህን ግን ያለ ጥርጥር ትቀበለዋለች ብዬ ነበር። እውነትም ኑሯችን ተቀምጦ የማደር ኑሮ ሆኗል። ከብሎካችን እስከ አስፋልቱ ያለችውን አጭር መንገድ በባጃጅ እንሄዳታለን፤ ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ ወንበር፣ ማታ ደግሞ በመጣንበት መንገድ ተመልሰን ሶፋ ላይ እንወድቃለን። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መኖር ዛሬ ለእኔ የቀረልኝ ብቸኛው ስፖርት ነው። ልጆቹ ኳስ ይጫወቱበት የነበረውን ሜዳም መኪኖች ይዘውታል። ባለሙያዋ ይህ ሁሉ ለልብ፣ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ ትልቅ ዋጋ እንዳለው ከተናገረች በኋላ፣ ለክብደቱ ግን ከግማሽ መልስ አይበልጥም አለችኝ። እንደ ማስረጃ የጠቀሰችው በታንዛኒያ የሚኖሩትን፣ በአደንና ሥራሥር በመቆፈር የሚተዳደሩትን የሐድዛ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት በቀን የሚያቃጥሉት ጉልበት ሲለካ፣ የሰውነት መጠናቸው ከግምት ከገባ በኋላ፣ ቢሮ ተቀምጦ ከሚውለው ምዕራባዊ እምብዛም የተለየ ሆኖ አልተገኘም፤ ሰውነት ብዙ ሲንቀሳቀስ ከሌላ ቦታ ይቆጥባል ማለት ነው። ያን ቀን ከክሊኒኩ የወጣሁት ትንሽ ተናድጄ እንደነበር አልደብቅም፤ ጂም ለመመዝገብ አስቤ ጫማ ገዝቼ ነበርና።

ሁለተኛው ቀጠሮ ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ነው። ዘወትር የሚጠየቀውን «ቁርስ ምን በሉ፣ ምሳ ምን በሉ» ትታ፣ ባለ 5 ሊትሩ ዘይት ቤታችን ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠየቀችኝ። ሚስቴ ጋ ደውዬ 25 ቀን እንደሚቆይ ሰማሁ። እኛ አምስት ሰዎች ነን። በቀን 200 ሚሊ ሊትር፣ ለእያንዳንዳችን 40 ሚሊ ሊትር መጣ፤ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ስለሚሰጥ ይህ በነፍስ ወከፍ ከ300 ካሎሪ በላይ ነው፤ ያውም ሥጋው፣ እንጀራውና ዳቦው ሳይቆጠር። እኔ የሒሳብ ሰው ሆኜ ይህን ስሌት 40 ዓመት ሙሉ አለመሥራቴ አሳፍሮኛል። መንዝ ውስጥ አያቴ ቅቤውን ገበያ አውጥተው ጨው ይገዙበት ነበር እንጂ በየቀኑ ወጥ ውስጥ አይጨምሩትም ነበር፤ ዘይትም ቢሆን ከኑግ በጥቂቱ የሚጨመቅ፣ በጠርሙስ የሚለካ ነገር ነበር። ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት በየሱቁ ከተደረደረ ወዲህ ግን፣ ምንም እንኳ ዋጋው ቢያማርረንም፣ በጾም ሽሮው፣ በፍስክ ጥብሱ፣ በመንገድ ላይ ሳምቡሳውና ቦንቦሊኖው ሁሉ በእሱ ይዋኛል። የጾሙ ወራት ክብደት ይቀንሱልኛል ብዬ ስጠብቅ ጨምሬ የምወጣበት ምስጢርም በዚሁ ተፈታልኝ።

ከዚያ ወደ ስኳሩ ተሻገርን። በቀን አራት ስኒ ሻይና ማኪያቶ እጠጣለሁ፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር አደርጋለሁ፤ ተደምሮ 48 ግራም ያህል ነው። ባለ 330 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ ሲጨመርበት ሌላ 35 ግራም ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 25 ግራም አካባቢ ላይ መቆም መልካም ነው ይላል። ስለ ጭማቂ ቤቱ ስፕሪስ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ጤና ነው እያልኩ ስጠጣው የኖርኩት ነገር ነው።

ለምን አብዝተን እንደምንበላ የሰጠችኝ ማብራሪያ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ በራሴ ላይ የነበረኝን ፍርድ አሻሽሎልኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ውስጥ 20 ሰዎች ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ ቀርቦላቸው ያሻቸውን ያህል እንዲበሉ ተደርጎ ነበር። የቀረቡት ምግቦች በስኳር፣ በስብ፣ በጨውና በአሰር ተቀራራቢ ቢሆኑም፣ ሰዎቹ የፋብሪካውን በሚበሉበት ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፤ በሁለት ሳምንትም አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ጨመሩ። ለስላሳው ምግብ ቶሎ ይዋጣል፤ ጥጋብ ግን ዘግይቶ ይመጣል። የገብስ ቆሎ ለማኘክ የሚወስደውን ጊዜና የአንድ ብስኩት ፓኬት የሚያልቅበትን ፍጥነት ላነጻጸረ ሰው ነገሩ አያስገርምም። ለልጄ በየቀኑ ለትምህርት ቤት የምንቋጥርለት ያንኑ ብስኩት ነው።

ስለ እናት ማሕፀን የነገረችኝን በአጭሩ ልለፈው፤ ለእኔ ግን የቀረበ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ኔዘርላንድ ውስጥ በጦርነቱ ምክንያት በደረሰው ረሃብ ወቅት፣ በእርግዝናቸው የመጀመሪያ አጋማሽ ከተራቡ እናቶች የተወለዱ ወንዶች በ19 ዓመታቸው ለውትድርና ሲመረመሩ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ውፍረት በዝቶባቸው ተገኝቷል። እኔ የተወለድኩት በ1977 ዓ.ም.፣ ድርቁ ሰሜን ሸዋንም በነካበት ዓመት ነው። ባለሙያዋ ከዚህ ተነሥታ ስለ እኔ ምንም አልደመደመችም፤ የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ አይሆንም ብላ አስጠነቀቀችኝ። እናቴን ግን ያን ምሽት ስለዚያ ዓመት ጠየቅኳት፤ «ምን ነበረና ልብላ» ብላ ወሬ ቀየረች።

ወደ ወቀሳው ስመጣ፣ ይህን ያህል የምታውቅ ባለሙያ ያለችበት ቤት አሠራሩ ከእውቀቷ ጋር የሚጣላ መሆኑ ነው የሚያሳዝነኝ። በእንግዳ መቀበያው ውስጥ እስከ አፉ በለስላሳ መጠጥ የተሞላ ማቀዝቀዣ ቆሟል። ለክብደት ለመጡ ሰዎች የተቀመጡት ወንበሮች ክንዳቸው የጠበበ በመሆኑ፣ አንዲት እናት ቆመው ሲጠብቁ አይቻለሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት የተባለ ቀጠሮ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ይጀመራል። ከሁሉ የከፋው ግን ገንዘብ ተቀባዩ «ቦርጭ የሚያጠፋ ሻይ» የሚል ፓኬት ለየተገልጋዩ ማቅረቡ ነው። ባለሙያዋን ብጠይቃት፣ ውስጡ ያለው ሰና የሚባል የሚያስቀምጥ ቅጠል እንደሆነ፣ የሚያስወጣውም ውኃ እንጂ ስብ እንዳልሆነ ነገረችኝ፤ እንዳይሸጥ ለባለቤቶቹ ተናግራ የሚሰማት እንዳላገኘችም ከአነጋገሯ ተረዳሁ። ታትሞ የሚታደለው የምግብ ዝርዝርም ከሌላ አገር ተገልብጦ የመጣ ይመስላል፤ ሳልሞንና ብሮኮሊ ይላል እንጂ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ በሶ የሚል ቃል አይገኝበትም። ባለሙያዋ ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው ላይ በእጇ ትጽፋለች። እኔ የያዝኩት ጀርባውን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የሚደረገው የጋራ ውይይት ግን ነፃ ሲሆን፣ ለብቻው እንኳ መምጣት የሚያስቆጭ አይደለም። አብዛኛው ወሬ ስለ ምግብ ሳይሆን ስለ ዘመድ ነው። ውፍረት ያማረበት ሰው ምልክት፣ ክሳት ደግሞ የሕመምና የችግር ምልክት ሆኖ በኖረበት አገር፣ ስድስት ኪሎ የቀነሰ ሰው የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» የሚል ነው። አክስቴ እኔን ካዩ በሳምንቱ ከደብረ ብርሃን አንድ ኪሎ ቅቤ ልከውልኛል። አንድ ጡረተኛ ተገልጋይ ደግሞ ለልጃቸው ሠርግ ሱፋቸውን በማስጠበባቸው ዘመዶቻቸው ለሐዘን የመጡ ያህል ተሰብስበው እንደጠየቋቸው ሲያጫውቱን ክፍሉ በሳቅ ተሞልቷል።

ውጤቱን ለሚጠይቅ፦ በአምስት ወር ወደ 84 ኪሎ ተኩል ወርጃለሁ፤ ወገቤ 101 ሴንቲ ሜትር ሆኗል፤ ምጣኔዬም ከ30 በታች ለጥቂት ገብቷል። ግፊቴ ቢሻሻልም መድኃኒቱን አላቆምኩም፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በፍጥነት መቅጠን የሚፈልግ ሰው በዚህ ቤት አይደሰትም። የሚሄድ ካለ የሳምንቱን መካከለኛ ቀናት ይምረጥ፣ ባለሙያዋን ራሷን እንዲያገኝ አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ እሷ በሌለችበት ቀን የሚተካው ሰው ያችኑ የታተመችውን ወረቀት ሰጥቶ ይሸኛል።

ባለ 5 ሊትሩ ዘይት አሁን እስከ 38 ቀን ይቆያል። የዶሮ ወጡን ግን ሚስቴ ከዚህ ሒሳብ ውጪ አድርጋዋለች።