ከ11 ዓመት በኋላ ወደ ጊታር፦ የተመዘገብኩበት የቪዲዮ ኮርስ ምን ሰጠኝ፣ ምን ነሳኝ

ጊታሬን ከ11 ዓመት በኋላ ከመያዣው ሳወጣው ክሮቹ ዝገው ነበር። የመቃኛ ቁልፎቹ አልዞርም ይላሉ። ቀጭኑ ክር ገና ጠበቅ ሳደርገው ተበጠሰ። እንደምንም አምስቱን ቃኝቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፣ ጣቶቼም ራሳቸው ሄደው ጂ ኮርድን (ኮርድ ማለት አብረው የሚሰሙ ድምፆች ናቸው) ያዙ። አላሰብኩበትም። ያን ቀን ማታ ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

በማግስቱ ነገሩ ገባኝ። ጣቶቼ የድሮውን ሁሉ ያስታውሳሉ፣ ስህተቱን ጭምር። አራት ኮርድ ቶሎ ቶሎ እቀያይራለሁ፣ ኤፍ ላይ ስደርስ ግን ሁለት ክር ይታፈናል። ድሮም እንዲሁ ነበር። የያዝኩት ኮርድ ለምን ማይነር እንደተባለ ብትጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። የሰው ጣት እያየሁ ነው የተማርኩት፤ የት እንደሚያዝ እንጂ ምን እንደተያዘ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ በዚህኛው ዙር ቲዎሪውንም ቴክኒኩንም በሥርዓት ልማር ብዬ የዓመት ክፍያ የሚጠይቅ የቪዲዮ ኮርስ ላይ ተመዘገብኩ። አቋርጠው ለተመለሱ ሰዎች የተዘጋጀ የራሱ ክፍል ስላለው ነው የመረጥኩት። ስሙን አልጠራም። ምስጋናዬም ቅሬታዬም እንዲህ ዓይነት ኮርሶችን በብዛት የሚመለከት ይመስለኛል። ዓመቱን ሙሉ ተጠቅሜበታለሁ፣ ስለዚህ የምነግራችሁ የሦስት ቀን ሙከራ አይደለም።

ወደ ኮርሱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ኮርሱ ይህን አንድም ቦታ አላነሳውም። ለዓመታት የተቀመጠ ጊታር መጀመሪያ የሚያስፈልገው ባለሙያ ነው። 12 ቁጥር የሚባሉት የብረት ክሮች ስድስቱ በአንድ ላይ ወደ 70 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል አንገቱን ይስባሉ፣ ጊዜ ሲረዝምም አንገቱ ይጎብጣል። አንገቱ ሲጎብጥ ክሩ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ከተተከለው የብረት መስመር) ይርቃል፣ እናንተም ጣቴ ደከመ ትላላችሁ። ጥፋቱ የጣታችሁ ላይሆን ይችላል። የእኔን የሠራልኝ ሰው አንገቱን አቅንቶ የክሮቹን ከፍታ ዝቅ አደረገልኝ፣ በ12 ቁጥር ፈንታም ቀጠን ያለውን 10 ቁጥር ክር አስገባሁ። ልዩነቱን ባየሁ ጊዜ፣ ያኔ ከዓመታት በፊት የተውኩት ስላቃተኝ ነው ወይስ መሣሪያው ስላልተስተካከለ ብዬ ደጋግሜ አስቤያለሁ።

አሁን ወደ ኮርሱ። ከቲዎሪው ልጀምር፣ ምክንያቱም ገንዘቤን ያልቆጨኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስኬል፣ ማለትም የድምፆች ቅደም ተከተል፣ የሚባል ነገር የለም። ኮርድም የለም። በቀን አምስት ደቂቃ ብቻ አንድ ኖታ (በፊደል የተሰየመ ድምፅ) ይጠራላችኋል፣ እናንተ በስድስቱም ክር ላይ ትፈልጉታላችሁ። ሲ ከተባለ በወፍራሙ ስድስተኛ ክር 8ኛው ፍሬት ላይ ነው፣ በአምስተኛው 3ኛው፣ በአራተኛው 10ኛው፣ በሦስተኛው 5ኛው፣ በሁለተኛው 1ኛው፣ በቀጭኑ ደግሞ እንደገና 8ኛው ላይ። መጀመሪያ አሰልቺ መሰለኝ። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ግን አንገቱ ላይ የማውቃቸው ቦታዎች መብዛት ጀመሩ፣ አንዳንዴም እየሄድኩ ሳለሁ በሐሳቤ ኖታ ስፈልግ ራሴን አገኘዋለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ሜጀር ስኬል ነው፣ አቀራረቡም የሚገርም ነው። አብዛኛው ትምህርት ስኬልን እንደ ነጥብ ሥዕል ነው የሚሰጣችሁ፣ በስድስቱ ክር ላይ የተበተኑ ነጥቦችን ትሸመድዳላችሁ። ይህኛው በአንድ ክር ላይ አስጀመረኝ። አንድ ፍሬት ማለት ግማሽ ድምፅ ነው፣ ሁለት ፍሬት ሙሉ ድምፅ። ከመነሻው ሁለት ፍሬት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ። አለቀ። ከአምስተኛው ክር 3ኛ ፍሬት ተነስታችሁ በዚህ ልክ ብትሄዱ ሲ ሜጀርን ተጫውታችሁ 15ኛው ፍሬት ላይ ትደርሳላችሁ። በአንድ ክር ላይ ስትሄዱ ርቀቱ በዓይን ይታያል፣ በጆሮም ይሰማል፣ በክንድም ይታወቃል። በኢ እና በኤፍ መካከል፣ በቢ እና በሲ መካከል ግማሽ ድምፅ ብቻ እንዳለ ስንት ጊዜ አንብቤ ስንት ጊዜ ረስቼዋለሁ። በክንዴ ከተማርኩት በኋላ ግን አልጠፋብኝም።

ከሁሉ በላይ የምወደው ትምህርት ግን የሦስተኛው ድምፅ ነው። ሜጀር ኮርድ ከስኬሉ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ ይሠራል። ሦስተኛውን በአንድ ፍሬት ብቻ ዝቅ ስታደርጉት ማይነር ይሆናል። ኮርሱ ይህን ከተናገረ በኋላ ዝም ብሎ ሦስት ጥንድ ኮርዶች እንድጫወት አደረገኝ። ኤ ሜጀር፣ ከዚያ ኤ ማይነር፦ ሁለተኛው ክር ላይ ያለው ጣት ከ2ኛው ፍሬት ወደ 1ኛው ይወርዳል። ኢ ሜጀር፣ ከዚያ ኢ ማይነር፦ ሦስተኛው ክር ላይ ያለው ጣት ይነሳል። ዲ ሜጀር፣ ከዚያ ዲ ማይነር፦ ቀጭኑ ክር ላይ ከ2ኛው ወደ 1ኛው። እነዚህን ስድስት ኮርዶች ከልጅነቴ ጀምሮ ስጫወታቸው ኖሬያለሁ። ሦስቱም ጥንድ አንድ ዓይነት ነገር እንደሚያደርግ ግን አላውቅም ነበር። ቪዲዮውን አቁሜ ብዙ ደቂቃ እየደጋገምኩ ተጫወትኳቸው። የምታውቁት ፊት ድንገት ስም ሲያገኝ እንዴት እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል።

ከዚህ በኋላ ብዙ ነገር ራሱን በራሱ ፈታ። አንድ ቅርጽ ከሦስተኛው ክር ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ለምን በአንድ ፍሬት እንደሚዛነፍ፣ ለምሳሌ። ሌሎቹ አጎራባች ክሮች የሚራራቁት በአምስት ፍሬት ነው፣ በሦስተኛው (ጂ) እና በሁለተኛው (ቢ) ክር መካከል ግን አራት ብቻ ነው። በአንድ ሜጀር ቁልፍ (ዘፈኑ በተመሠረተበት ስኬል) ውስጥ ያሉት ኮርዶች ሜጀር፣ ማይነር፣ ማይነር፣ ሜጀር፣ ሜጀር፣ ማይነር፣ ዲሚኒሽድ (ሦስተኛውም አምስተኛውም ድምፅ ዝቅ ያለበት) እያሉ እንደሚደረደሩም ያኔ ነው የገባኝ። ይህን ካወቃችሁ የአንድን ዘፈን ኮርዶች በቁጥር ይዛችሁ ለዘፋኙ ድምፅ ወደሚመች ቁልፍ ማዛወር ትችላላችሁ። ኮርሱ በየትምህርቱ ኖታውን ከመምታታችሁ በፊት በአፋችሁ እንድታወጡት ይጠይቃል። አትዝለሉት። ድምፅ የለኝም የምትሉም አትዝለሉት፣ የሚሠለጥነው ጆሯችሁ ነው።

የቲዎሪው ክፍል ድክመት መጨረሻው ላይ ነው። ኬጅድ የሚባለው ዘዴ፣ ማለትም ሲ፣ ኤ፣ ጂ፣ ኢ እና ዲ በሚባሉት አምስት ክፍት ኮርዶች ቅርጽ አንገቱን በሙሉ መሸፈን፣ በአንድ አጭር ቪዲዮ ታጭቆ አለፈ። ያ የወራት ሥራ ነው። በቀደሙት ትምህርቶች ያን ያህል የታገሠ አስተማሪ እዚህ ላይ ለምን እንደቸኮለ አልገባኝም። እኔ በራሴ አንድ ቅርጽ በሁለት ሳምንት እያልኩ ነው የያዝኩት፣ አሁንም ጂ ቅርጽ ላይ ነኝ።

ወደ ቴክኒኩ ስንመጣ ፊቴ ይቀየራል።

በሦስተኛው ወር ግራ እጄን አመመኝ። የጣት ጫፍ ሕመም አይደለም፤ እሱ የሚጠበቅ ነው፣ ቆዳው መጅ ሲያወጣ ይተዋል። ይሄኛው ከአውራ ጣቴ ሥር ተነስቶ ወደ አንጓዬ የሚሄድ ሕመም ነበር። ኤፍ ኮርድን ስለማመድ ይብሳል። ኮርሱ ስለ ኤፍ የሚለው በአጭሩ ታገሡ፣ ደጋግሙ፣ ይመጣል ነው። ደጋገምኩ። ባሰብኝ። እጄን ቀርጬ ጥያቄዬን ላኩላቸው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣልኝ መልስ ያንኑ ቪዲዮ እንድመለከት የሚል ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት። ሰው አምሞኛል ሲል ቢያንስ አቁም ይባላል።

አቆምኩ። እጄ እስኪተወኝ አሳርፌው ከቆየሁ በኋላ ለአንድ ሰዓት ብቻ ብዬ አንድ አስተማሪ ዘንድ በአካል ሄድኩ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አላየኝም። «አንገቱን በአውራ ጣትህ እያነቅከው ነው፣ ክርንህ ደግሞ ወደ ውጪ ወጥቷል» አለኝ። ክርኔን ወደ ጎኔ አስጠጋልኝ፣ አንጓዬ ቀና አለ። ሌባ ጣቴን ትንሽ ወደ ጎን አዞረው፣ ስጋው ሳይሆን አጥንት ያለበት ጠርዝ ክሮቹ ላይ እንዲያርፍ። ከዚያ አውራ ጣትህን ጨርሶ አንሳና ኮርዱን በክንድህ ክብደት ያዘው አለኝ። ድምፁ ወጣ! ያን ሁሉ ወር የጨመቅኩት በከንቱ ነበር።

ሌላም ነገር አሳየኝ። ጣታችሁን ክሩ ላይ ሳትጫኑ አስቀምጡና እየመታችሁ ቀስ በቀስ ተጫኑ። መጀመሪያ የታፈነ ድምፅ፣ ከዚያ መንዘር፣ ከዚያ ጥርት ያለ ድምፅ ይመጣል። ጥርት ባለበት ቅጽበት አቁሙ። የሚያስፈልገው ኃይል ያ ብቻ ነው፣ ወደ ፍሬቱ በተጠጋችሁ ቁጥር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ባሬ ኮርድንም (እንደ ኤፍ አንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ የሚጫንበትን ኮርድ) ከ1ኛው ፍሬት አትጀምር አለኝ፤ እዚያ ክሩ ከአንገቱ ጫፍ ድጋፍ ጋር ስለሚቀራረብ በጣም ይጠነክራል። 5ኛው ፍሬት ላይ ጀምሬ በየጥቂት ቀኑ አንድ ፍሬት ወረድኩ። በሦስት ሳምንት ኤፍ ላይ ደረስኩ። ይህ ሁሉ በኮርሱ ውስጥ በአምስት ደቂቃ ሊነገር የሚችል ነገር ነው።

ከቴክኒኩ ክፍል የሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) ልምምድ ግን አመሰግናለሁ። አቋርጦ የተመለሰ ሰው ችግሩ መቸኮል ነው፣ ድሮ የነበረውን ፍጥነት ዛሬውኑ ይፈልገዋል። ኮርሱ ሁሉንም ነገር በደቂቃ 60 ምት አስጀምሮ ሦስት ጊዜ ያለ ስህተት ካልተጫወታችሁ ወደ 64 አያሳልፋችሁም፣ ከተሳሳታችሁ ደግሞ ወደ ኋላ ይመልሳችኋል። በ60 ላይ ስጫወት ኮርድ ስቀያይር ሁልጊዜ ትንሽ እንደምዘገይ ሰማሁት። በፍጥነት ስጫወት ተደብቆ የኖረ ስህተት ነው።

በዚያ ቀርፋፋ ወቅት ስለ ፓት ማርቲኖ ብዙ አስብ ነበር። አሜሪካዊ የጃዝ ጊታሪስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የአንጎል ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ትዝታው ጠፍቶ ጊታርን እንደገና መማር ነበረበት። የራሱን የድሮ ቅጂዎች እያዳመጠ ነው የተማረው። ተመልሶም ተጫወተ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከማረፉ በፊትም ብዙ ሥራ ሠራ። የእኔ 11 ዓመት ከዚያ አንጻር ቀላል ነው እያልኩ ሜትሮኖሙን እከፍተዋለሁ።

ስለ ኮርሱ መተግበሪያ ብዙ አልልም። የሚቆጥረው የተመለከታችሁትን እንጂ የቻላችሁትን አይደለም፣ ስለዚህ 70 በመቶ ጨርሰሃል ሲላችሁ አትመኑት። ዓመቱ ሲያልቅ ሳያስታውሱኝ የሚቀጥለውን ዓመት ክፍያ ቆረጡ። ሦስት ኢሜይል ከጻፍኩ በኋላ መልሰውልኛል።

እና ይገዛ ወይ? ኮርድ መያዝ የምትችሉ፣ ግን የምትይዙትን የማታውቁ ከሆነ፣ እንዲህ አንገቱ ላይ ቲዎሪ የሚያስተምር ኮርስ ፈልጉና ግዙ። ከዜሮ ለሚጀምር ግን አልመክርም፤ ጀስቲን ጊታር የሚባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለጀማሪ በቂ የሆነ ትምህርት በነጻ እየሰጠ ነው፣ ከእዚያ ጀምሩ። ለቴክኒክ ደግሞ ቪዲዮ አይበቃም። እጃችሁን የሚያይ ሰው ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ፈልጉ፣ ካጣችሁም ስልካችሁን ከጎን አቁማችሁ ራሳችሁን ቅረጹ። ክርን፣ አንጓ፣ አውራ ጣት። እነሱን ተመልከቱ።

እኔ ለሁለተኛው ዓመት አላደስኩም። የልምምድ ወረቀቶቹን አትሜ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌያለሁ። በቀን 25 ደቂቃ ነው የምጫወተው፣ አምስቱ ኖታ ፍለጋ ነው። ትናንት ከሲ ወደ ኤፍ በ68 ምት ስድስቱም ክር ጥርት ብሎ ወጣልኝ። በ72 ላይ ሁለተኛው ክር አሁንም ይታፈናል። ዛሬ ማታ እንደገና ከ60 እጀምራለሁ።