ኤሊስ ወይስ ገቨርነርስ? ኒውዮርክ ለሚሄድ የጅማ ሰው

ልጃቸው ጋ ኒውዮርክ ሊሄዱ የተዘጋጁት ጎረቤታችን ትናንት ቡና ላይ ያዙኝ። «ልጄ ደሴት አሳይሻለሁ ትለኛለች፤ የትኛውን ልበላት?» አምና ከእማዬ ጋር ኤሊስና ገቨርነርስ የሚባሉትን ሁለቱንም ደሴቶች አይቻለሁ። እማዬ እኔ አፌን ሳልከፍት ፈረደች። እኔ ግን እንደሷ አልቸኩልም።

የኤሊስ ትኬት ከነፃነት ሐውልት ጋር አንድ ላይ ነው የሚቆረጠው። ለአዋቂ 25 ዶላር አካባቢ ነው። እንደ ኤርፖርት ፍተሻ አለው፤ በእነሱ በጋ ወረፋው ያሰለቻል። ውስጡ ግን ያስረሳል። እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1954 ከ12 ሚሊዮን በላይ ስደተኛ አሜሪካ ሲገባ በዚያ እየተመረመረ አልፏል። ምድር ቤቱ ላይ የተከመረ አሮጌ ሻንጣና ቅርጫት አለ። እማዬ አንዱን አይታ «መሶብ አይደለም እንዴ?» አለች።

ሐኪሞቹ ስደተኛው ደረጃ ሲወጣ ከላይ ቆመው ያዩት ነበር። ያነከሰው ሰው ኮት ላይ በጠመኔ «ኤል» ይጽፋሉ። ልቡን የተጠራጠሩትን ደግሞ «ኤች»። ይህን ሳስረዳት እማዬ ጉልበቷን ያዝ አድርጋ «እኔንማ ሰሌዳ ያደርጉኝ ነበር» አለች።

ገቨርነርስ ሌላ ነገር ነው። ጀልባው 5 ዶላር ነው። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ 12 እና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆችም ነፃ። መንገዱ ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከጅማ መርካቶ ጅሬን በባጃጅ ከመውጣት ያጥራል። ደሴቱ ለዘመናት የወታደር ሰፈር ነበር። የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ለቀው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2003 አብዛኛው መሬት በአንድ ዶላር ተሸጠ። አዎ፣ በአንድ ዶላር! ደቡቡ ክፍል እንዲያውም ድሮ ባሕር ነበር፤ የምድር ባቡር ሲቆፈር የወጣው አፈር ነው የሞላው።

አሁን መኪና አይገባበትም። ሣር፣ የሚከራይ ብስክሌት፣ የሥዕል ትርኢት፣ 17 ሜትር የሚሆን የልጆች መንሸራተቻ አለ። ኮረብታው ላይ ስትወጡ ሐውልቷም የማንሃታን ፎቆችም ፊታችሁ ናቸው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳ ላይ ቆሞ ጅማን ቁልቁል ማየት ትዝ አለኝ። እኛ ድፎ ዳቦና ፔርሙዝ ቡና ይዘን ዛፍ ሥር ዋልን። ኮረብታው አካባቢ ጥላ ስለማይበዛ ነጠላ ወይም ኮፍያ ያዙ። የመጨረሻው ጀልባ እንዳያመልጣችሁም ሰዓቱን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ዝናብ ወይም ብርድ ከሆነ ኤሊስ፤ ቤት ውስጥ ነውና። በዕድሜ አንዴ ብቻ የምትሄዱ ከሆነም ኤሊስ እላለሁ። ልጆች ካሉ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ መጫወት ከተፈለገ ገቨርነርስ። የእማዬ ፍርድም ገቨርነርስ ነው።

ሐውልቷን ከሩቅ ማየት ብቻ የሚበቃው ሰው ሁለቱንም ይተዋቸው። የስታተን አይላንድ ጀልባ በነፃ በአጠገቧ ያልፋል። ጎረቤታችን ይህን ሲሰሙ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እሱንስ መጀመሪያ አትነግረኝም?»