ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ የቤት ግፊት መለኪያችን እና የደም ሥር ዕድሜ

ማሽኑን የገዛሁት ለእማዬ ብዬ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ የሕክምና ዕቃ መሸጫ፣ ክንድ ላይ የሚታሰር፣ በድንጋይ የሚሠራ ተራ የግፊት መለኪያ። ዘጠኝ ወር ሞላው። እሷ 68 ዓመቷ ነው፣ እኔ 43። ሁለታችንም እንለካበታለን።

ቅሬታዬን ላስቀድም። አብሮት የመጣው ማሰሪያ ዙሪያው ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው። የእማዬ ክንድ 35 ነው። ሻጩ አልጠየቀኝም፣ እኔም አላወቅኩም። አየር ሲሞላ ጠርዙ እየተንጣጣ ይላቀቃል። «ኧረ ክንዴን ቆረጠው!» ትላለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የላይኛው ቁጥር (ልብ ደም ስትገፋ ያለው ግፊት) ከ170 አልወርድ ብሎ እንቅልፍ አጣን። ጠባብ ማሰሪያ ግፊትን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ የነገረችን አንዲት ነርስ ናት። እስከ 42 የሚሄደውን ለብቻው ገዛሁ። በማግስቱ 158 በ72 አነበበ።

158 አሁንም ብዙ ነው። የታችኛው 72 (ልብ ስታርፍ ያለው ግፊት) ግን ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ሐኪሟ ቁጥሮቹን የምንጽፍበትን ደብተር ገለጠች፣ ከላይኛው ላይ የታችኛውን ቀነሰችና ጥጉ ላይ 86 ብላ ጻፈች። «እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የደም ሥራቸው እየጠጠረ ነው» አለችን። 120 በ80 የሆነ ሰው ልዩነቱ 40 ነው። በዕድሜ በገፋ ሰው 60 እና ከዚያ በላይ ሲሆን የመጠጠር ምልክት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ ደም በገፋ ቁጥር ትልቁ ቧንቧ፣ አኦርታ፣ እንደ ላስቲክ ይለጠጥና ምቱን ያበርደዋል። ልብ ስታርፍ ደግሞ ተሰብስቦ ደሙን ወደ ፊት ይገፋል። ይህን መለጠጥ የሚሰጠው ኤላስቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ከዕድሜ ጋር ኤላስቲኑ ይበጣጠሳል፣ ቦታውን ኮላጅን የሚባል ግትር ፕሮቲን ይይዘዋል። ያኔ ምቱን የሚያበርድ የለም፤ የላይኛው ቁጥር ይወጣል። ተሰብስቦ የሚገፋም የለም፤ የታችኛው ይወርዳል። ያልበረደው ምት የሚያርፈው ስስ በሆኑት የአንጎልና የኩላሊት ደም ሥሮች ላይ ነው። የታችኛው ዝቅ ማለቱ ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም።

ይሄ የሽማግሌ ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር። አይደለም። በስዊድን ማልሞ የሚሠሩት ፕሮፌሰር ፒተር ኒልሰንና ባልደረቦቻቸው «ያለጊዜው የሚመጣ የደም ሥር እርጅና» የሚለውን ሐሳብ ካስተዋወቁት መካከል ናቸው። በ40ዎቹ ያለ ሰው ደም ሥሩ ከራሱ ዕድሜ ቀድሞ ሊያረጅ ይችላል። ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራና የኩላሊት ሕመም ያፋጥኑታል። የእኔ ብዙ ጊዜ 128 በ84 ነው፣ ልዩነቱ 44። ቢሆንም ወጥ ላይ የምጨምረውን ጨው ትቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።

ማሽኑ ራሱ መጠጠርን አይለካም፤ ይህን አውቃችሁ ግዙ። ትክክለኛው ምርመራ የልብ ምት ሞገድ ከአንገት እስከ ብሽሽት በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ ያያል። በጠጠረ ቧንቧ ሞገዱ ይፈጥናል። የ2013ቱ የአውሮፓ የግፊት መመሪያ ድንበሩን በሰከንድ 10 ሜትር ላይ አድርጎታል። የእኛ ማሽን የሚሰጠው ፍንጭ ነው።

ፍንጩም የሚታመነው አለካኩ ሲታመን ነው። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባን ማስደገፍ፣ እግር ሳያነባብሩ መሬት ማስረገጥ፣ ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ። ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ። ጠዋት መድኃኒት ከመዋጡ በፊት፣ ማታም ደግሞ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ። እማዬን ያስቸገራት ዝምታው ነው። ማሽኑ እየነፋ የጎረቤት ወሬ ትጀምራለች፣ ቁጥሩም ይዘላል። «እማዬ፣ አንዴ ዝም በይልኝ» እላታለሁ። ቤት ውስጥ 135 በ85 እና ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ጤና ተቋም ውስጥ ሲለካ ድንበሩ 140 በ90 ነው።

ሌላው ጥሩ ነው። አራት ድንጋይ ወደ አምስት ወር ቆየልን። ቁጥሮቹ ትልልቅ ስለሆኑ እማዬ ያለ መነጽር ታነባለች። ድንጋይ ሲቀየር ሰዓቱ ይጠፋል፣ ስለዚህ ደብተሩን አልተውነውም። ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ክንዳችሁን በሜትር ለኩ። ከዚያ ሞዴሉ «ስትራይድ ቢፒ» ዝርዝር ላይ መኖሩን አረጋግጡ፤ ትክክለኛነታቸው በጥናት የተፈተሸ መለኪያዎች የሚገኙበት ነው። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን አልመክርም፣ እጅ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል ቁጥሩ ይለወጣል።

ሐኪሟ ደብተሩን አይታ መድኃኒቱን ካስተካከለች አራት ወር ሆነ። አሁን መቀነሱን እማዬ ራሷ ትሠራዋለች። ዛሬ ጠዋት 138 በ70 ሲመጣ እርሳሷን አነሳችና «ልጄ፣ 68 ገባ» አለችኝ።