«በሦስት ቀን ፎረፎር ያጠፋል» የሚባለውን ቅባት ከመግዛታችሁ በፊት

በቴሌግራምና በቲክቶክ፣ አንዳንዴም በኮስሞቲክስ ሱቅና በጸጉር ቤት፣ ምንም ባልተጻፈበት ነጭ ዕቃ ተሞልቶ የሚሸጥ የራስ ቅባት አለ። ሻጮቹ «ተፈጥሯዊ ነው፣ በሦስት ቀን ማሳከኩን ያቆማል፣ ለልጅም ለአዋቂም ይሆናል» ይላሉ። በሦስት ቀን ማሳከኩን ያቆማል ያሉት ብዙ ጊዜ እውነት ነው። መጠርጠር ያለባችሁም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፎረፎርም ይሁን ቆረቆር፣ ችፌም ይሁን የቀለም አለርጂ፣ ሁሉንም በሁለት ሦስት ቀን ጸጥ የሚያደርገው ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም ቅላትንና ማሳከክን የሚያፍን መድኃኒት፣ ነው። በተለያዩ አገሮች «ከዕፅዋት የተሠሩ» የተባሉ የቆዳ ክሬሞች ላብራቶሪ ሲገቡ፣ ላያቸው ላይ ያልተጻፈ ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ በተደጋጋሚ ተገኝቶባቸዋል። በማየትም በማሽተትም አይለይም። የሚያሳብቀው ፍጥነቱና ስታቆሙት ተመልሶ ማገርሸቱ ነው።

ክሎቤታሶል ራሱ መርዝ አይደለም፤ ሐኪም ለትክክለኛው በሽታ ሲያዘው ጥሩ መድኃኒት ነው። 0.05 በመቶ የሆነው በቀን ሁለቴ፣ በስሱ፣ ከተከታታይ 2 ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ ይቀባል፤ በሳምንት ከ50 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም። ስም የሌለው ዕቃ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ሰው እየቀባ ወራት ያልፉታል። ቆዳው ይሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥሮች ይወጣሉ፣ ቅባቱ ወደ ግንባር የወረደበት ቦታ ብጉር ይሞላዋል። ያለው ፈንገስ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፦ ስቴሮይዱ የቆዳውን መከላከያ ስለሚያዳክም ቅላቱና ማሳከኩ ሲጠፋ ፈንገሱ ከሥር ሆኖ ይስፋፋል። ቆይቶ ሐኪም ሲያየው የተለመደ መልኩን አጥቶ ያገኘዋል። በልጆች ላይ መድኃኒቱ በቆዳ አልፎ ወደ ደም ስለሚገባ፣ ከኩላሊት በላይ ያለው እጢ ኮርቲዞል የሚባለውን የሰውነት ሆርሞን ማምረት ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ለልጅ ለረጅም ጊዜ ስትቀቡ ከነበረ በራሳችሁ ድንገት አታቁሙ፤ ዕቃውን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ከመግዛት በፊት የሚቀድመው መለየት ነው። በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ጸጉሩን በሚዶ ጭራ እየከፈላችሁ ቆዳውን እዩት። ቅባት ከተቀባ ምንም አይታይም፤ ታጥቦ ሲደርቅ ይሁን።

ቅርፊቱ ቢጫ ብሎ ወዛም ከሆነ፣ ቅንድብ ላይ፣ አፍንጫ ጎንና ጆሮ ጀርባም ካለ፣ ሴቦሪክ ደርማታይቲስ ነው፤ ፎረፎር የምንለው የዚሁ ቀላሉ ዓይነት ነው። ወፍራም፣ ብርማ፣ ጠርዙ የተለየ ቅርፊት ሆኖ ከጸጉሩ መስመር አልፎ ግንባር ላይ ከወጣ፣ ክርንና ጉልበት ላይም ካለ ወይም ጥፍሩ በመርፌ የተወጋ ከመሰለ፣ ሶርያሲስ የሚባለውን የቆዳ በሽታ አስቡ። ቀለም ወይም የጸጉር ማለስለሻ ከተቀባችሁ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ጆሮና ማጅራት ጭምር ካበጠና ውኃ ከቋጠረ አለርጂ ነው። ነጩ ነገር ጸጉሩ ላይ ተጣብቆ በጣት ሲጎተት አልነሳም ካለ ቅጫም ነው፤ ፎረፎር ቢሆን ይራገፍ ነበር።

አሁን ወደ ልጆች፤ ብዙ ብርና ብዙ ጸጉር የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ከጨቅላነት ካለፈ በኋላ እስከ ጉርምስና ድረስ የወዝ እጢዎች ብዙም ስለማይሠሩ ልጅ ፎረፎር የሚይዘው አልፎ አልፎ ነው። የ5 ወይም የ7 ዓመት ልጅ ራሱ ላይ ቅርፊት ካለበት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቆረቆር ነው። ምልክቱ ጸጉሩ ከቆዳው እኩል ተሰብሮ እንደ ጥቁር ነጥብ መቅረቱ፣ ቦታው መሳሳቱ፣ ማጅራት ላይ ንፍፊት መውጣቱ ነው። በአገራችን በብዛት የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባል ፈንገስ ጸጉሩ ውስጥ ገብቶ ይኖራል። ቅባት ደግሞ ጸጉር ውስጥ አይገባም። የትኛውም ቅባት፤ እውነተኛው የፈንገስ ክሬም እንኳ ብቻውን አያድነውም።

ቆረቆር የሚድነው በሚዋጥ መድኃኒት ነው። ግሪሲዮፉልቪን በቀን 20–25 ሚሊግራም በኪሎ፣ ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይሰጣል። ሌላው ተርቢናፊን ሲሆን እንደ ልጁ ክብደት ብዙውን ጊዜ ለ4 ሳምንት ነው። ሁለቱንም የሚያዘው ሐኪም ነው፤ ሂሳቡ በኪሎ ስለሆነ ለታላቁ የታዘዘው ለታናሹ አይሆንም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቅርፊቱ በ2 ሳምንት ሲጠፋ ወላጅ መድኃኒቱን ሲያቆም ነው፤ በወሩ ይመለሳል። ጎን ለጎን የፈንገስ ሻምፖ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለልጁም ለቤተሰቡም ይጠቅማል፤ ስርጭቱን ይቀንሳል እንጂ አያድንም። ሚዶ፣ ኮፍያና የትራስ ልብስ ይለይ። ጸጉር ቆራጩ ቶንዶሱን ሳያጸዳ ከልጅ ልጅ እንዳያዞር ንገሩት።

አንዳንዴ ቆረቆር የያዘው ቦታ አብጦ፣ ለስልሶ፣ መግል ይቋጥራል። እባጭ መስሏቸው የሚበጡት አሉ። አይበጣም፤ አንቲባዮቲክ ብቻውንም አይፈውሰውም። ከዘገየ ጠባሳ ትቶ ጸጉሩ ለዘለቄታው ላይበቅል ስለሚችል በዚያው ሳምንት መታየት አለበት።

ለአዋቂ ፎረፎር መፍትሔው ርካሽና የታወቀ ነው፦ ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ሻምፖ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ4 ሳምንት፣ ከዚያ እንዳይመለስ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ። ጸጉሩ ከርዳዳና ደረቅ ከሆነ በሳምንት አንዴም ይበቃል። የሚሠራው ቆዳ ላይ ሲቆይ ስለሆነ አረፋውን በጣት ጫፍ ወደ ቆዳው አስገቡና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ ታጠቡ። «ሞከርኩት፣ አልሠራም» ከሚሉት ብዙዎቹ ወዲያው የሚያጥቡት ናቸው። ሹሩባ ከተሠራ በመስመሮቹ መካከል ይደረግ፤ ከሻምፖ በኋላ የሚደረገው ኮንዲሽነር ለጸጉሩ ብቻ። ሴሊኒየም ሰልፋይድና ዚንክ ፓይሪታይዮንም ይሠራሉ።

ሻጮቹ ከሻምፖ ጋር «የማታ ዘይት» ጨምረው በፓኬጅ የሚያቀርቡት ደግሞ በሁለት በኩል ኪሳራ ነው። ፎረፎርን የሚያባብሰው ማላሴዚያ የሚባለው እርሾ የሚመገበው ቅባት ነው። ጠዋት የገደላችሁትን ማታ ትቀልቡታላችሁ። ለጋ ቅቤም ቆዳ ላይ ከሆነ ያው ነው፤ ለጸጉሩ ጫፍ ከሆነ ግን ግድ የለም።

ኬቶኮናዞል ክኒን «ፈጥኖ ያጠፋል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ተዉት። ጉበት ስለሚጎዳ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቋም በ2013 ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ እንዳይታዘዝ አስጠንቅቋል። ይህ ሻምፖውን አይመለከትም።

ሻምፖ ስትገዙ የመድኃኒቱ ስምና መቶኛ፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ ባች ቁጥር፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ይኑረው፤ ክዳኑ የታሸገ ይሁን። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ መልሱት። «የአሜሪካ ነው» ማለት ጠንካራ ነው ማለት አይደለም፤ እዚያ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ናይዞራል የተባለው የኬቶኮናዞል ሻምፖ 1 በመቶ ነው፣ 2 በመቶው በማዘዣ ነው። በትንሽ ጠርሙስ ተገልብጦ የሚሸጥ ሻምፖ የቱም ቢሆን አይገዛ፤ ምን ያህል ውኃ እንደገባበት አይታወቅም።

በ4 ሳምንት ትክክለኛ አጠቃቀም ካልተሻለ፣ ጸጉር ካረገፈ ወይም ድንገት ፊትና ደረትን ካለበሰ የቆዳ ሐኪም ይየው፤ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል፣ ደሴ አካባቢ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው። እንዲህ ድንገት የሚሰፋ ካለ የኤችአይቪ ምርመራም ይጠየቃል። ለፈንገስ ምርመራ ቅርፊቱ በምላጭ ተፍቆ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ስለዚህ በዚያ ቀን ራሳችሁ ላይ ዘይትም ቅባትም አይኑር።

የገዛችሁትን ስም የለሽ ቅባት አትጣሉት። ዕቃውን፣ የሻጩን ገጽ ፎቶና የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ያዙና ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ መስመር 8482 አሳውቁ።